ስለ ማገዶ ዛፍ አተካከልና አጠቃቀም

ሰው ያለ እህል አይኖርም፤ እህልም ያለ እሳት ምግብ አይሆንም። ስለዚህ ገበሬ ለጐተራው እንደሚያስብ ሁሉ ለማገዶውም ማሰብ ይገባዋል። እንጨት ያለቀበት ቤት ኩበት ያነዳል፤ ኩበት ማንደድ ግን የሚመጣውን ዓመት መከር አስቀድሞ ማቃጠል ነው። ይኸውም ቡቃያን የሚያለመልመው ናይትሮጅን የሚባለው የፍግ ክፍል ከጢሱ ጋር በንኖ ስለሚጠፋ ነው። አፈርን የሚያለሰልሰውና እርጥበት የሚያስይዘው ብስባሽም አብሮ ይነዳል። እንግዲህ የማገዶ ዛፍ መትከል ለምድጃው እንጨት፥ ለእርሻውም ፍግ ማስገኘት ነው።

የማገዶ እጦት ከተማን እንኳ ሊያስለቅቅ እንደሚችል የአዲስ አበባ ታሪክ ያስረዳል። ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. ከተመሠረተች በኋላ ሕዝቡ እየበዛ ስለ ሄደ፥ በዙሪያዋ የነበረው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመነጠረ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማቸውን እንጨት ወደሚገኝበት ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራ አስጀምረው ነበር። ነገር ግን አገሩ አውስትራልያ የሆነ፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባ አንድ ዛፍ በአዲስ አበባ ምድር ፈጥኖ አደገ። ከባሕር ማዶ ስለ መጣም ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። ከተማዪቱ በስፍራዋ ለመጽናቷ ይህ ዛፍ አንዱ ምክንያት ሆነ።

የባሕር ዛፍ ትልቁ ጥቅሙ ከተቈረጠ በኋላ ከጉቶው እንደ ገና ማቈጥቈጡ ነው። ቅጠሉን ከብት ስለማይበላው ጥበቃው ቀላል ነው። ለደጋ ነጩ ባሕር ዛፍ፥ ከደጋ ዝቅ ላለውና ለሚሞቀው አገር ቀዩ ይስማማል። ሲቈረጥም ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ሳይሞላ ዝቅ ብሎ፥ ዝናቡ በጉቶው ላይ እንዳይተኛ ጋደል ተደርጎ በስለታም መጋዝ ይቈረጣል። ቡቃያው ሲበዛ ጠንካሮቹን ሁለት ወይም ሦስት ትቶ የቀረውን ማንሣት ይገባል።

ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ውሃና የአፈርን ምግብ በብርቱ ይስባል። በማሳ ዳር የተተከለ እንደ ሆነ አጠገቡ ያለው ሰብል ይቀጭጫል፤ በምንጭ ዳር የተተከለ እንደ ሆነም ውሃው ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ከማሳ ቢያንስ 20 ሜትር አርቆ፥ ከምንጭ ደግሞ ከዚያ የበለጠ አርቆ፥ ለእህል በማይመች መሬት ላይ መትከል ይሻላል። ጐረቤት ከጐረቤት የሚጣላበት ነገር ስለ ሆነ፥ የመንደር ሽማግሎች ስፍራውን አስቀድመው ቢወስኑ ከብዙ ክርክር ይድናሉ።

ዛፍ ከእርሻ ጋር ተስማምቶ የሚኖርበት ሌላ መንገድም አለ። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ያሉ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክላሉ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቈርጠው ያከስሉታል፤ ከዚያም መሬቱን መልሰው እህል ይዘሩበታል። ይህ ዛፍ እንደ ባቄላና እንደ አተር ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ በሥሩ ስለሚያኖር፥ የደከመውን መሬት ያበረታል። ሆኖም በቅርብ ዓመታት ዝገት የሚባል የፈንገስ በሽታ በዚያ አገር በነበሩት ዛፎች ላይ ወድቆ ብዙ ጕዳት አድርሷል። ከዚህም አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ተክሎ በእርሱ መታመን እንደማይገባ ይታወቃል።

ማገዶ እንዳያልቅ የሚያደርገው ዋናው ነገር ሥርዐት ያለው አቈራረጥ ነው። ዛፉ በስድስት ዓመት የሚደርስ ከሆነ ቦታውን ስድስት ላይ ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብቻ መቍረጥ ነው። ስድስተኛው ተቈርጦ ሲያልቅ የመጀመሪያው ዳግመኛ ደርሶ ይጠብቃል። እንጨት ሲነድ ወደ አየር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም በምትኩ የሚበቅለው ዛፍ መልሶ ይወስደዋል። ሳይተኩ የሚቈርጡት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ያሞቃል።

እንጨቱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ አያያዙን ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ የተቈረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ በጥላ ሥር በደንብ የደረቀ እንጨት ግን የሚይዘው ውሃ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። እሳቱ አስቀድሞ ይህን ውሃ አፍልቶ ማትነን ስላለበት፥ ካንድ ኪሎ እርጥብ እንጨት የሚገኘው ሙቀት ካንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ከሚገኘው ግማሽ ያህል ነው። እርጥብ እንጨት የእናቶችንና የሕፃናትን ዓይንና ሳንባ የሚጐዳ ጢስ ያበዛል። ስለዚህ እንጨቱን ፈልጦ፥ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ነፋስ እንዲያልፈው አድርጎ መደርደር ነው። መምህሩ ይህን ለተማሪዎች በሥራ ሊያሳያቸው ይችላል፤ አንድ እርጥብ ፍልጥ በሚዛን መዝኖ ክብደቱን ያስጽፋቸው፥ በበጋ ሦስት ወር ከጣራ በታች አስቀምጦም ዳግመኛ ያስመዝናቸው። የጐደለው ክብደት ከእንጨቱ የወጣው ውሃ ነው።

የምድጃውም ነገር እንዲሁ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት አብዛኛው ሙቀት በየአቅጣጫው ይበተናል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል ከማገዶው ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህል ይቈጥባል። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰል ክምር ደግሞ ከ100 ኪሎ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙ ጊዜ ከ20 ኪሎ አይበልጥም፤ ከእንጨቱ ኀይልም ከግማሽ የሚበልጠው በመክሰል ጊዜ ይባክናል። ስለዚህ እንጨት ባለበት መንደር እንጨቱን ራሱን አድርቆ ማንደድ ይበልጣል።

እነዚህን ሁሉ የፈጸመ ቤት ኩበት ለመልቀም አይገደድም። ፍጉ ወደ ማሳው ይመለሳል፤ እንጨት ፍለጋ ሩቅ ይሄዱ የነበሩት ሴቶች ልጆችም ለትምህርት ጊዜ ያገኛሉ። ሽማግሎች ቦታውን ቢለዩ፥ መምህራን ችግኙን ከተማሪዎች ጋር ቢያፈሉ፥ ዛሬ የመጀመሪያውን ፊደል የሚቈጥረው ሕፃን ከትምህርት ቤቱ ሳይወጣ ዛፉ ለመጥረቢያ ይደርሳል።