የጥንት ሊቃውንት ስለ መድኃኒት ምን አስተማሩ?



በኢትዮጵያ ሳለን ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም፣ ለምች ዳማከሴ፣ ለሆድ ትል ኮሶ እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን። የጥንት የአይሁድ ሊቃውንትም የባህል መድኃኒት ነበራቸው። ለምሳሌ ነጭ ሽንኩርት የሆድ ተባይ ይገድላል ተብሎ በታልሙድ ተጽፏል። ይሁን እንጂ መድኃኒት የተባለ ሁሉ እኩል እንዳልሆነም አስተምረዋል።

አባቶቻችን በኦሪት ሲመሩ ስለኖሩ ሚሽና የሚባለውን የሕግ መጽሐፍ በኢትዮጵያ አላወቅነውም። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ ያሰባሰቡት ራቢ ይሁዳ ሀናሲ ናቸው፤ የተቀበሩትም ከሃይፋ ብዙ በማይርቀው በቤት ሼዓሪም ነው። በውስጡ "ዮማ" የተባለው ክፍል ስለ ዮም ኪፑር፣ እኛ አስተስርዮ ስለምንለው ቀን ይናገራል። በ8ኛው ምዕራፉ ስለ ሕመምተኞች ሦስት ትምህርቶች እናገኛለን።

1. የታመመ ሰውና ጾም። በዮም ኪፑር ቀን ለታመመ ሰው አዋቂዎች በሚሉት መሠረት ምግብ ይሰጠዋል። አዋቂ ከሌለ ሕመምተኛው ራሱ በሚናገረው ይታመናል። ስለዚህ ስኳር ያለበት ወይም በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

2. የታመመ ሰውና ሰንበት። ጉሮሮውን ለታመመ ሰው በሰንበትም ቢሆን መድኃኒት ይሰጠዋል። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር፣ ጥርጣሬ እንኳ ቢሆን፣ ሰንበትን ይሽራል። ልጅ ትንፋሽ ሲያጥረው ወይም ሽማግሌ ደረቱን ሲያመው ሰንበት እስኪወጣ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ ወደ 101 ይደወላል።

3. የእብድ ውሻ ንክሻ። በዚያ ዘመን በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው ከዚያው ውሻ ጉበት ቢበላ ይድናል ይባል ነበር። ራቢ ማትያ ቤን ሔሬሽ ፈቀዱ፤ ሌሎቹ ሊቃውንት ግን ከለከሉ። በሃይፋ ያለው ትልቁ ሆስፒታል በስማቸው የሚጠራው ራምባም፣ እ.ኤ.አ. በ1204 ያረፉት መምህርና ሐኪም፣ የክልከላውን ምክንያት አብራርተዋል። ሕግ የሚጣሰው መፈወሱ በእውቀትና በልምድ ለተረጋገጠ መድኃኒት ብቻ ነው ብለዋል።

በአገራችንም ሥር ቀጥቅጠው ለተነከሰ ሰው የሚያጠጡ መድኃኒተኞች ነበሩ። "ጠጥቶ ዳነ" የሚባል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የነከሰው ውሻ ያላበደ፣ ወይም በሽታው ያልተላለፈበት ሊሆን ይችላል። በሽታው ከተላለፈ ግን በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሞት አይቀሬ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት የሚሰጥ ክትባት ግን ሕይወትን ያድናል። ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ይህን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው።

በሽታው ዛሬም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በሰሜን እስራኤል በቀበሮዎች መካከል ተስፋፍቶ ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• ውሻ፣ ድመት ወይም ቀበሮ ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሊሽካት ሀብሪዑት መሄድ።

• ልጆች "አያቴ ይቆጡኛል" ብለው ንክሻ እንዳይደብቁ ማስተማር።

• በቤት የምንወስደውን ሁሉ ለሐኪም መንገር። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ ዓይንን እንደሚጎዳ ታውቋል፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ልትወስደው አይገባም። ነጭ ሽንኩርትም በብዛት ሲወሰድ እንደ ኩማዲን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የመድማት አደጋ ሊጨምር ይችላል።

በባቢሎን የነበሩት ራብ ሸሪራ ጋኦን በ10ኛው መቶ ዘመን እንዳስተማሩት፣ የታልሙድ ሊቃውንት በዘመናቸው ያዩትን ተናገሩ እንጂ ሐኪሞች አልነበሩም። ስለዚህ ሐኪሞች እንደማይጎዳ እርግጠኛ ካልሆኑበት በስተቀር በመድኃኒታቸው መጠቀም አይገባም ብለዋል። ራብ ሸሪራ ይህን ሲናገሩ ሊቃውንቱን ማክበራቸውን አልተዉም። እኛም የአያቶቻችንን እውቀት እያከበርን ሐኪም ብንጠይቅ ክብራቸውን አንነካም።