ለውስጥ የሚታጠቅ ሸማ እንዴት ይመረጣል?

በሐምሌ 7 እና በጥር 7 ቀን የሥላሴን በዓል ለማክበር ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ እናቶች ብዙዎች ናቸው። ባዶ እጅ መመለስ አይወደድምና ለቤተ ሰብ ልብስ ይገዛል። የቀድሞው የአራዳ ገበያ በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ስለ ተዛወረ፣ የሀገር ልብስ ፈላጊ ከሥላሴ ደጅ ተነሥቶ፣ በስድስት ኪሎ አድርጎ፣ በእንጦጦ መንገድ ወደ ሽሮ ሜዳ ይወጣል። በዚያ የጋሞ ሸማኔዎች የሠሩት ነጠላና ቀሚስ ሞልቷል። እናቶችም ጥለቱን አይተው፣ በዋጋው ተከራክረው ይገዛሉ። ከቀሚሱና ከሱሪው ሥር ለሚታጠቀው ጨርቅ ግን ማን ይጨነቃል? «ለማይታይ ነገር!» ይባልና የተገኘው ቁራጭ ይወሰዳል። እኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረጥ የሚገባው እርሱ ነው እንላለን፤ ከገላ ጋር ውሎ የሚያድረው እርሱ ነውና።

ምክንያቱን እንግለጽ። የልብስ ቅማል የሚኖረው በገላ ላይ ሳይሆን በልብስ ውስጥ ነው። ወደ ገላ የሚወጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ ተመልሶ በስፌቱና በእጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል፤ እንቁላሉንም እዚያው ይጥላል። ተስቦንና ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት ከሰው ወደ ሰው የሚያጋባው ይኸው ቅማል ነው። ቅማሉ በጥፍር ሲጨፈለቅ የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ ገብቶ ግርሻን ያሲዛል፤ ስለዚህ በጥፍር መግደል ደግ ነገር አይደለም። በክረምት ሰው ልብስ ደርቦ፣ በአንድ ጋቢ ተጠጋግቶ ሲያድር፣ የታጠበውም አልደርቅ ሲል በሽታው ይበረታል።

ታዲያ አባቶቻችን በወገባቸው ያገለድሙት የነበረው ግልድም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ስፌት የለውም። ተዘርግቶ ይታጠባል፣ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ ቅማል የሚሸሸግበት ጥግ ጥቂት ነው። በደቡብ ሕንድም ገበሬዎች ኮቫናም የሚሉትን በእጅ የተሸመነ ጨርቅ እንዲሁ ሳይሰፉ ይታጠቁት ነበር። ሙታንታ (ስሙም ከጣልያንኛ የመጣ ነው) አትልበሱ ማለታችን አይደለም፤ የወገቡ እጥፋት ተገልብጦ ካልታጠበ ግን ታጥቧል አይባልም።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። ለውስጥ የሚሆነው ነጭ፣ ጥለት የሌለው፣ ሙሉ በሙሉ ጥጥ የሆነ ሸማ ነው። ነጭ የሆነበት ምክንያት እድፉም ቅማሉም ስለሚታይና ቀለሙ ይለቃል ሳይባል ስለሚቀቀል ነው። ጥለት ከሌለው ዋጋውም ይቀንሳል። ነጋዴው «እናቴ፣ ይቺ እኮ ንጹሕ ጥጥ ናት!» ቢል ክፋት የለውም፤ እናንተ ግን ከጫፉ አንድ ክር ለምኑና ራቅ ብላችሁ በክብሪት አቃጥሏት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፤ ሽታውም የወረቀት ነው፤ አመዱ በጣት ሲነካ ይበናል። ሰው ሠራሽ ክር ግን ይቀልጣል፤ ጫፉም ላይ ጠንካራ ጠብታ ይቀራል። እንዲህ ያለው ላብ በደንብ አይመጥም፣ ለመቀቀልም አይመችም።

ቀጥሎ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ተመልከቱ። ድርና ማጉ እኩል ይሁን። በሁለት አውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ክሩ የሚሸሽ ከሆነ ሽመናው የላላ ነው፤ ጥቂት ጊዜ ታጥቦ ይበጣጠሳል። ሲነካ ሻከር ቢል አትፍሩ፤ የእጅ ፈትል በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል። የሰው ክንድ ስለሚበላለጥ የወገባችሁን ልክ በገመድ ወስዳችሁ ሂዱ፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብም አንድ ስንዝር ጨምሩበት። ለአንድ ሰው ሦስት ቢሆን መልካም ነው፤ አንዱ ሲለበስ አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ ደግሞ ደርቆ ይጠብቃል። ባለ ጥለት አንድ ነጠላ ከመጨመር እነዚህን ሦስቱን መግዛት ይሻላል እንላለን።

ከዚሁ ሸማ ለሴቶች ልጆቻችሁ የወር አበባ ጨርቅም ይወጣል። ልጅቱ ከማፈሯ የተነሣ እርጥቡን ጨርቅ ከመደብ ሥር ትደብቀዋለች፤ እርጥብ ሆኖ የቆየ ጨርቅ ይሻግታል፣ ገላም ያሳክካል። እናት ሆይ፣ አንቺው ቀድመሽ ንገሪያት። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፍዘፍ፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ያደርቀዋልና። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ በፀሐይ ላይ ይሰጣ። ሰው እንዳያየው ከተባለ ስስ ነጠላ ጣል ይደረግበት።

የእንዶድ ፍሬ ልብስ እንደሚያጸዳ የታወቀ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ ብልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አስታውቀዋል። ለቅማሉ ግን በእንዶድ አትመኩ፤ እርሱን የሚገድለው ሙቀት ነው። ጨርቁን በፈላ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል አቆዩት፤ የከሰል ካውያ ያለው ደግሞ ስፌት ስፌቱን ይተኩስ። ከገበያ የተገዛ ሰልባጅም ሳይቀቀል ገላ አይንካ።

እንጨት ከጠፋ ወይም ልብሱ መቀቀል የማይችል ከሆነ፣ በላስቲክ ከረጢት ጥብቅ አድርጋችሁ ቋጥሩና 2 ሳምንት አስቀምጡት። ቅማል ከሰው ተለይቶ ደም ካጣ በሳምንት ገደማ ያልቃል፤ ቀሪው ጊዜ ከእንቁላሉ ለሚፈለፈለው ነው። በዚህ መካከል ማንም ከረጢቱን ፈትቶ እንዳይለብሰው ከልጆች እጅ አርቃችሁ ከፍ ባለ ቦታ ስቀሉት።