የሴፍቲ መዝገብ ወደ ክላውድ ሲዛወር፤ ከመግቢያው በፊት መውጫውን ማወቅ

ፋብሪካዎች፣ የሕንፃ ተቋራጮችና ትልልቅ እርሻዎች የሥራ ላይ አደጋን ሲመዘግቡ የኖሩት በደብተር ወይም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ በተቀመጠ የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። ዛሬ ግን የሙያ ደህንነትና ጤንነት ሶፍትዌር የሚያዘጋጁ ኩባንያዎች ምርታቸውን በአብዛኛው የሚያቀርቡት በክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት አማካይነት በኪራይ ነው። ውል ለመፈረም የተዘጋጀ ድርጅት አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ዋጋ መጠየቁ ተገቢ ቢሆንም ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ውሉ ሲያበቃ መዝገቡ በምን መልክ ይመለሳል የሚለው ነው።

ለመሆኑ ክላውድ ምንድን ነው?

ቃሉ «ደመና» ማለት ይሁን እንጂ መዝገቡ የሚቀመጠው መሬት ላይ ነው። ሶፍትዌሩም ሆነ መረጃው የሚገኘው በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ፣ ዳታ ሴንተር በሚባል ሕንፃ ውስጥ ሲሆን፣ ተጠቃሚው በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ገብቶ ይሠራበታል። ሰርቨሩን የመግዛት፣ የመጠገንና ሶፍትዌሩን የማደስ ኃላፊነት የአቅራቢው ነው።

ዋናው ጥቅሙ ፍጥነት ነው። ከፎርክሊፍት ላይ የወደቀ ዕቃ ማንንም ሳይነካ ቢቀር፣ በደብተር አሠራር ነገሩ ሳይመዘገብ ይረሳል። በአዲሱ አሠራር ግን ሠራተኛው ፎቶግራፍ አንስቶ ይልካል፤ ሴፍቲ ኦፊሰሩ ወዲያው ያየዋል፤ ማን፣ እስከ መቼ እንደሚያስተካክለውም ይመዘገባል። በሐዋሳ፣ በኮምቦልቻና በአዲስ አበባ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት የሦስቱን ሁኔታ በአንድ ሠንጠረዥ ያነጻጽራል። ለጥቂት ያመለጠን አደጋ መመዝገብ፣ አበው እንደሚሉት ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነው።

ሒሳቡ በብር ሲታይ

ሰርቨር የሚገዛ ድርጅት ከፍተኛውን ወጪ የሚያወጣው በመጀመሪያ ነው። የክላውድ ወጪ ግን በተጠቃሚ ቁጥር ተሰልቶ በየወሩ የሚከፈል ሲሆን፣ አቅራቢው የውጭ ኩባንያ ከሆነ ክፍያው ብዙውን ጊዜ በዶላር ነው። ለምሳሌ ያህል 40 ተጠቃሚዎች እያንዳንዳቸው በወር 10 ዶላር ቢከፈልላቸው፣ ድምሩ 400 ዶላር ይሆናል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ በ57 ብር ሒሳብ ይህ 22,800 ብር ነበር። አንዱ ዶላር 120 ብር ሲገባ ያው አገልግሎት 48,000 ብር ይሆናል። የተጨመረ ተጠቃሚም ሆነ የተጨመረ አገልግሎት የለም። ስለዚህ በጀት ሲያዝ የምንዛሪ ለውጥ መታሰብ ይኖርበታል። ምንዛሪ ዘግይቶ ክፍያው ቢጓተት አቅራቢው አገልግሎቱን ወዲያው ይዘጋል ወይስ ጊዜ ይሰጣል የሚለውም በውሉ መጻፍ አለበት።

ቀን መቁጠሪያው የሚያመጣው ጣጣ

ነባሩን መዝገብ ወደ አዲሱ ሶፍትዌር ማዛወር ቀላል ሊመስል ይችላል። ይሁንና ኢትዮጵያ ውስጥ የተጻፈ መዝገብ የራሱ ጠባይ አለው። ቦይለሩ ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመርምሮ ከሆነ በኤክሴል ላይ 12/05/2016 ተብሎ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። በአውሮፓ አቆጣጠር የሚሠራው ሶፍትዌር ይህንን ሜይ 12 ቀን 2016 ብሎ ያነበዋል። ትክክለኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 ነው። የሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ስህተት ይፈጠራል ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ስህተቱ ወደ ሌላው አቅጣጫ ሲሆን ነው። የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደሩ ላይ የታተመው ማብቂያ እ.ኤ.አ. 2024 ሆኖ ሳለ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በተያዘ ሠንጠረዥ ውስጥ እንዳለ ቢገለበጥና ሠንጠረዡ በጅምላ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ቢቀየር፣ ጊዜው ያለፈበት ሲሊንደር እስከ 2031 ወይም 2032 የሚያገለግል መስሎ ይታያል።

ጳጉሜንም አለች። በ13ኛው ወር የደረሰን አደጋ 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ሶፍትዌር ላይቀበለው ይችላል። የሰዓት አቆጣጠሩም እንደዚሁ ነው። «ሌሊት 8 ሰዓት» የደረሰ ጉዳት 8፡00 ተብሎ ከገባ ወደ ጠዋት ፈረቃ ይዛወራል። በዚህ ዓይነት የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች በድካም ምክንያት የሚደርስባቸው ጉዳት ከመዝገብ ይሰወራል፤ መፍትሔም አይፈለግለትም። ስምም በእንግሊዝኛ ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ አንዱ ሠራተኛ ሁለት ሰው ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ መለያ ቁጥር መስጠት፣ ቀኑን ከማዛወር በፊት መለወጥና ከተዛወረው መካከል የተወሰነውን ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ነው።

ሕንፃው ቢቃጠልስ?

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ሌሊት በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች ክላውድ የተባለው ኩባንያ ካሉት ዳታ ሴንተሮች አንዱ በእሳት ወደመ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ብዙ ደንበኞች ግን መረጃቸውን ለዘለቄታው አጡ፤ መጠባበቂያ ቅጂያቸው እዚያው ሕንፃ ውስጥ የነበረ ደንበኞችም አንዳንዶቹ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መጠባበቂያ ቅጂ መኖሩ ብቻ በቂ አለመሆኑ ነው። ቅጂው ከዋናው ርቆ መቀመጡና በእርግጥ የሚከፈት መሆኑ መፈተሽ አለበት።

ሌላው ችግር የመስመር መቋረጥ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። ኬሚካል ዓይኑ ውስጥ የገባ ሠራተኛ ኢንተርኔት እስኪመለስ አይጠብቅም። ስለዚህ የኬሚካሎች የደህንነት መግለጫ፣ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሮችና የመውጫ ካርታ በወረቀት ታትመው በየክፍሉ መሰቀል ይኖርባቸዋል። ሶፍትዌሩም መስመር በሌለበት ሰዓት መዝግቦ ቆይቶ በኋላ የሚልክ ቢሆን ይመረጣል።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው በሥራ ላይ የሚደርስን አደጋና በሥራ ምክንያት የሚመጣን በሽታ እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት እንዲያስታውቅ ያዛል። መዝገቡ በክላውድ መያዙ ይህንን ግዴታ ወደ አቅራቢው አያሻግረውም። በዚሁ አዋጅ መሠረት የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ምክንያት ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ቢሳነው፣ ካሳው የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ነው። ክርክር ሲነሳ አሠሪውም ሆነ ሠራተኛው የሚፈልጉት ያንኑ መዝገብ ነው።

በሌላ በኩል የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ውስጥ ያስገባዋል። መረጃ ከአገር ሲወጣም መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎች ይደነግጋል። ስለሆነም ሰርቨሩ በየትኛው አገር እንዳለ መጠየቅ ያስፈልጋል። በድርጅቱ ውስጥም የምርት ክፍል ኃላፊው የሠራተኛውን የምርመራ ውጤት ማየት እንዳይችል ሆኖ መዘጋጀት አለበት።

መዝገቡ ከውሉ በላይ ይኖራል

የሥራ በሽታ እንደ አደጋ በአንድ ቀን የሚታይ አይደለም። በጥጥ ብናኝ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሳንባ የሚታመመው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የአስቤስቶስ ጠንቅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ ይቆያል። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ ሕግ የሠራተኛ የሕክምና መዝገብ በሥራ ላይ በቆየበት ዘመን ሁሉና ከዚያም በኋላ ለ30 ዓመት እንዲቀመጥ ያዛል። በብሪታንያ ለአደገኛ ኬሚካሎች በተጋለጡ ሠራተኞች ላይ የሚያዘው የጤና መዝገብ 40 ዓመት ይቆያል። የሁለትና የሦስት ዓመት የክላውድ ውል ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አጭር ነው። በመካከሉ አቅራቢው ሊሸጥ፣ ሊዘጋ ወይም ዋጋውን ሊጨምር ይችላል።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት የሚከተሉት አራት ነጥቦች በውሉ ውስጥ ቢሰፍሩ ይመከራል።

1. የመረጃው ባለቤት ድርጅቱ መሆኑ፤

2. ውሉ ሲያበቃ ሠንጠረዡ፣ ፎቶግራፉና የምርመራ ሰነዱ ሁሉ በማንኛውም ኮምፒዩተር በሚከፈት መልክ እንደሚመለስ፤

3. ለዚህ የሚፈቀደው ጊዜና ክፍያ ስንት እንደሆነ፤

4. አቅራቢው በእጁ የቀረውን ቅጂ መቼ እንደሚያጠፋና ይህንንም በጽሑፍ እንደሚያረጋግጥ።

ማረጋገጫው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በሙከራው ወር ሃያ ያህል የአደጋ መዝገቦችን ከነፎቶግራፋቸው አስገብቶ መልሱልን ማለት ይቻላል። ሃያውም ሳይጎድሉ፣ ቀናቸው ሳይዛባ በአንድ ቀን ውስጥ ከተመለሱ በዋጋው ላይ መነጋገር ይቻላል። ሃያውን መመለስ የከበደው አቅራቢ ከአሥር ዓመት በኋላ የሺህ ሠራተኞችን መዝገብ ይመልሳል ተብሎ አይጠበቅም።