«ልጄን ያሳመማት ስልኩ ነው?»

«እህቴ፣ የምጽፍልሽ ከምዕራብ ሐረርጌ፣ ከቦርደዴ ነው። መንገድ ዳር ምግብ ቤት አለኝ፤ ደንበኞቼ ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚያልፉ ሾፌሮች ናቸው። ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ድምፅ አይሆንላትም። ክላክስ ሲነፋ ጆሮዋን ይዛ ወደ ጓሮ ትሮጣለች፣ ወፍጮ ቤት ስልካት አልቅሳ ትመለሳለች፣ ሹሩባ ሲሠሯት ቤቱ ይናወጣል፣ የትምህርት ቤት ሹራቧን ‹አንገቴን በላኝ› ብላ ታወልቃለች። ሞልቃቃ ናት እያልኩ አሳደግኋት። አክስቷ ከሳዑዲ ስልክ ከላከችላት ወዲህ ግን ‹እማዬ፣ እንደኔ ያሉ ሰዎች አሉ፣ ኦቲዝም ሊሆን ይችላል› ማለት ጀመረች። ስለ ሴት ልጅ መብትም ትጽፋለች። በቅርቡ አንዲት የክፍሏ ልጅ ልትዳር መሆኑን ስሟን ጠርታ ጽፋ ከጎረቤት አጣላችን። ደግሞ ደንበኞቼን እያስመሰለች የሚያስቅ ቪዲዮ ትሠራለች። አባቷ ‹ይህ ስልክ ነው ያሳበዳት› ብሎ ነጠቃት፤ ከዚያ ወዲህ አታናግረንም። እውነት ልጄን ያሳመማት ስልኩ ነው? ምከሪኝ።»

እህቴ፣ ልጅሽ ጆሮዋን ይዛ ወደ ጓሮ የሮጠችው ስልክ ከመያዟ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ይህን ራስሽ ጽፈሽልኛል። ስልኩ ሕመም አላመጣባትም። ስትሸከመው የኖረችውን ነገር የምትናገርበት ቃል ነው የሰጣት፤ አንድ ልጅ ደግሞ ለዓመታት «ሞልቃቃ» ሲባል ኖሮ እንዲህ ያለ ቃል ሲያገኝ አጥብቆ ቢይዘው አይፈረድበትም። ስለዚህ ስልኩ ይመለስላት። ከመለሳችሁላት በኋላ የምትነጋገሩት ግን ብዙ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሰውነቷ። የሰው ጆሮ፣ ቆዳና አፍንጫ እኩል አይሰማም። አንቺ የለመድሽው የአይሱዙ ክላክስ ለአንዳንድ ልጅ የእውነት ሕመም ነው፤ የሹራብ ስፌት ሌላው ልብ የማይለው ሲሆን እሷን ቀኑን ሙሉ ሊያሳክካት ይችላል። ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ፣ በርበሬ ሲታመስ፣ የሠርግ ድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ አስቢው። ቦርደዴ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ሰው ያደክማል። ልጅሽ ይህን ሁሉ ችላ ትምህርት ቤት ውላ ስትመለስ ብትቆጣ ወይም ዝም ብትል ባህርይዋ ተበላሸ አትበይ፤ ደክሟታል።

ኦቲዝም ነው? ይህን እኔ በደብዳቤ አልነግርሽም፤ እሷም ከቪዲዮ አታውቀውም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመዘኛ ለድምፅ፣ ለብርሃንና ለንክኪ ከልክ በላይ መቆርቆር ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ ሆኖ ተቀምጧል። አንዱ እንጂ ብቸኛው ምልክት አይደለም። የጆሮ በሽታ፣ ማይግሬይን፣ ጭንቀትም ድምፅን ያስጠላሉ። በሌላ በኩል ሴቶች ልጆች የሌላውን አኳኋን እያዩ መምሰል ስለሚችሉ ኦቲዝም ኖሮባቸው እንኳ ዘግይቶ የሚታወቅላቸው ብዙ ናቸው። «ትናገራለች፣ ትማራለች፣ ታዲያ ምን ኦቲዝም አለባት?» ብለሽ ደጁን አትዝጊው።

ዘሚ የኑስን አስታውሺልኝ። የውበት ሙያ ባለቤት ነበረች። ኦቲዝም ያለበትን ልጇን ትምህርት ቤቶች አንቀበልም ሲሏት እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ያኔ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ እርግማን ነው እያለ ቤት ይዘጋበት ነበር። ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው አደባባይ እንዲወጡ ስትወተውት ኖራለች። ዛሬ ልጅሽ ቃሉን አውቃ «እማዬ» ብላ ወዳንቺ መምጣቷ እንደ ዘሚ ያሉ እናቶች የደከሙበት ነገር ፍሬ ነው። አምና ለአንቺ ነገረችሽ፤ ይህን አደራ ቀላል አድርገሽ አትዪው።

የምታደርጊው ይህ ነው። በቅርብሽ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ መጀመሪያ ጆሮዋ ይታይ። ከዚያ ወደ ጭሮ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ጠይቂና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግራት። ከዚያ በላይ ምርመራ ካስፈለገ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የሕፃናትና የወጣቶች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ወጪውም ይከብዳል፤ ስለዚህ እስከዚያው ቤት ውስጥ የሚቀለውን አቅልዪላት። ወፍጮ ቤት መሄዱን ለሌላ ሰው ስጪና እሷ ጓሮ ያለውን ሥራ ትያዝ። ሹራቡ ሥር ያረጀ የጥጥ ሸሚዝ ትልበስ፣ አንገቱ ላይ የተሰፋውን ምልክት ፍቺላት። ሹሩባውን በአንድ ቀን መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ እሷ ራሷ ጸጉሯን ማሳጠር ብትመርጥም ምንም አትሆንም። ጩኸት በሚበዛበት ሰዓት ጆሮዋን መሸፈን ትችላለች፤ ቀኑን ሙሉ ከደፈነችው ግን ጆሮ ጸጥታ ይለምድና ትንሹም ድምፅ የባሰ ይከብዳታል። ይህን ንገሪያት።

አሁን ልትዳር ስለተባለችው የክፍሏ ልጅ፣ ወደ ፍትሑ ጉዳይ ልምጣ። እዚህ ላይ ልጅሽ ትክክልም ናት፣ ተሳስታለችም፤ ሁለቱንም ሳትሸፋፍኚ ንገሪያት። ትክክል የሆነችው በነገሩ ነው። በሕጋችን ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ አትዳርም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 በሚያገባት ሰው ላይ፣ ልጅቷ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይፈርዳል። ጎረቤት ስለተቆጣ ይህ አይለወጥም፤ እናንተም ለሰላም ብላችሁ «አንቺ ምን አገባሽ» አትበሏት። በልጅነቷ «ያመኛል» ብላ ያላመናት ሰው ብዙ ነበርና፣ የሌላዋ ልጅ ዝምታ ቢያንገበግባት አይገርመኝም።

የተሳሳተችው የልጅቷን ስም መጻፏ ላይ ነው። ያቺ ልጅ አንድ ጊዜ በቤተሰቧ ተወስኖባታል፤ አሁን ደግሞ መንደሩ ሁሉ አፉ ውስጥ ከተታት። ጽሑፉ ይጥፋ። አንቺና ልጅሽ አብራችሁ ወደ ርዕሰ መምህሩ ወይም ወደ ወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ሠርጉ ካልደረሰ አሁንም ማስቀረት ይቻላል። አንቺ አብረሻት መሄድሽ ከመቶ ምክር ይበልጥባታል። አጥብቄ የምለምንሽ ይህንን ነው።

ቀልዱን አትከልክያት። አለባቸው ተካ ከመድረክ ቀልድ ተነስቶ በቴሌቪዥን ዝግጅቱ የተቸገረን ከሚረዳው ጋር ያገናኝ ነበር፤ ሳቅና ለሰው ማዘን አንድ ቤት መኖር ይችላሉ። ደንበኛሽን ግን ሳያውቅ መሳቂያ ማድረግ ነውር ነው፤ ያስመሰለችውን ሰው ታስፈቅድ፣ ወይም ማንም የማይለየው ገጸ ባሕርይ ትፍጠር። በሰው ብሔርና አነጋገር ላይ መቀለድ ደግሞ በጭራሽ አይሆንም። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሳው ግጭት ስንት ሰው ከቤቱ እንደተፈናቀለ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል ሕግም አለ፣ አዋጅ 1185/2012።

ስልኩ ሲመለስላት ሁለት ነገር ተስማሙ። ማታ ስልኩ አንቺ ክፍል ይደር። የማታውቀው አዋቂ ሰው በግል ቢጽፍላት ወይም ፎቶ ላኪ ቢላት ሳትፈራ ታሳይሽ፤ ስታሳይሽም አትጩሂባት፣ ከጮህሽ ሁለተኛ አታሳይሽም። ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ፍርሃቱ ከፍቅር የመጣ ነው። ሲነጥቃት ግን አንድም ጥያቄ አልጠየቃትም። ሲመልስላት ተቀምጦ ይጠይቃት፣ የወደደችውን አንድ ቪዲዮም አብሯት ይይ።

ይህን ለምታነቡ የምዕራብ ሐረርጌ መምህራንም አንድ ልመና አለኝ። ክፍላችሁ ውስጥ ጆሮዋን የምትይዝ ወይም ሹራቧን የምታወልቅ ተማሪ ካለች በክፍሉ ፊት አትገሥጿት። ከክፍል በኋላ ለብቻዋ ጠይቋት፣ ወንበሯንም ከመንገዱ ወገን ካለው መስኮት አርቁላት።