ቀለም እንደ ሒሳባዊ አረፍተ ነገር፦ በላቴክ በሚዘጋጁ ሥዕሎች ውስጥ የክልሎች አቀላለም ትክክለኛነት

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጥናት በላቴክ በሚዘጋጁ የሒሳብ ጽሑፎች ውስጥ የሥዕል ክልሎች በኮድ ቀለም የሚቀቡበትን መንገድ ይመረምራል። የጥናቱ መነሻ አንድ ችግር ነው፤ ይኸውም በአቀላለም ላይ የሚፈጸም ስሕተት ኮዱ ወደ ገጽ በሚለወጥበት ጊዜ እንደ ስሕተት አለመመዝገቡ ነው። ሥዕሉ አምሮ ይወጣል፤ የሚናገረው ሒሳብ ግን ከጽሑፉ ሐሳብ ሊለይ ይችላል። ጥናቱ ቲክዝ በተባለው የሥዕል ጥቅል ላይ በማተኮር የመንገድ አዘጋግን፣ የክልል አገላለጽን፣ የቀለማት መደራረብንና ወደ ግራጫ መለወጥን በተሰሉ ምሳሌዎች ይፈትሻል። በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጆች ሊከተሉት የሚገባ አሠራር ያመለክታል።

1. መግቢያ

በሒሳብ ሥዕል ውስጥ ቀለም የተቀባ ክልል ጌጥ ሳይሆን አረፍተ ነገር ነው። የአረፍተ ነገሩ ፍቺ ደግሞ በስምምነት ይወሰናል። ጆን ቬን በ1880 እ.ኤ.አ. ባቀረባቸው የሎጂክ ሥዕሎች ውስጥ የጠቆረ ክፍል «በዚህ ውስጥ ምንም የለም» ማለት ነበር። በዛሬዎቹ የስብስብ ትምህርት መጻሕፍት ግን የጠቆረው ክፍል ብዙውን ጊዜ «የሚፈለገው ይህ ነው» ማለት ነው። አንድ ዓይነት ጥቁረት ሁለት ተቃራኒ ፍቺዎችን ሊሸከም ይችላልና፣ የሥዕሉ መግለጫ ጽሑፍ ቀለሙ የቆመለትን ነገር በግልጽ መናገር ይኖርበታል።

ዶናልድ ክኑት በ1970ዎቹ መጨረሻ ያዘጋጀው ቴክ በመሠረቱ ስለ ቀለም የሚያውቀው ነገር የለም። ቀለምን የሚመለከት መመሪያ «ስፔሻል» በተባለው ትእዛዝ በኩል ሳይመረመር ወደ ማተሚያው ሶፍትዌር እንዲያልፍ ይደረጋል። ቲል ታንታው ያዘጋጀው ቲክዝ ይህን ሸክም ከጸሐፊው ትከሻ ላይ አንሥቶ ቀለምን በቀላል ቃላት ለማዘዝ አስችሏል። ይሁን እንጂ ቲክዝም ቢሆን የሚመረምረው የትእዛዙን ሰዋስው እንጂ የሥዕሉን እውነትነት አይደለም። ይህ ኃላፊነት የጸሐፊው ነው።

2. ያልተዘጋ መንገድ

በቲክዝ ውስጥ «ድሮው» መስመርን ያሰምራል፤ «ፊል» ደግሞ በመንገድ የተከበበውን ክልል ይሞላል። በሁለቱ መካከል ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ልዩነት አለ። መንገዱ ክፍት ከሆነ «ድሮው» ክፍት አድርጎ ይተወዋል፤ «ፊል» ግን የመጨረሻውን ነጥብ ከመጀመሪያው ጋር በቀጥታ መስመር አገናኝቶ ይሞላዋል።

ለምሳሌ ዋይ = ኤክስ² የተባለውን ፓራቦላ ከ0 እስከ 1 ወስዶ፣ በፓራቦላውና በአግድም ዘንጉ መካከል ያለውን ክልል ለማቅለም የፈለገ ጸሐፊ ይታሰብ። የክልሉ ስፋት በኢንቲግራል ሲሰላ 1/3 ነው። ጸሐፊው ለፓራቦላው ያዘጋጀውን መንገድ ምንም ሳይጨምር በ«ፊል» ቢሞላው፣ ሶፍትዌሩ ከ(1፣1) ወደ (0፣0) በቀጥታ ይመለሳል። የሚቀባው በፓራቦላውና ዋይ = ኤክስ በተባለው ቀጥታ መስመር መካከል ያለው ክልል ነው፤ ስፋቱም 1/2 − 1/3 = 1/6 ይሆናል። እዚህ ላይ ስፋቱ በግማሽ ማነሱ ብቻ አይደለም ችግሩ። የተቀባው ክልል ከፓራቦላው በላይ፣ የተፈለገው ክልል ደግሞ ከፓራቦላው በታች ነው፤ ሁለቱ ከድንበራቸው በስተቀር የሚጋሩት ነገር የላቸውም። ከሥሩ «1/3» ተብሎ የተጻፈበት ሥዕል ፈጽሞ ሌላ ኢንቲግራል ያሳያል።

ይህ ስሕተት ተደብቆ የሚቆይበት ምክንያት አለ። ሳይን የተባለው ፋንክሽን ከ0 እስከ ፓይ ቢወሰድ በሁለቱም ጫፎች ዋጋው 0 ነው። ስለዚህ መዝጊያው ቀጥታ መስመር በአግድም ዘንጉ ላይ ይውላል፤ ሥዕሉም ትክክል ይሆናል። በዚህ ምሳሌ ኮዱን የተማረ ሰው ያንኑ ኮድ ወደ ፓራቦላ ሲያዞረው፣ በአጋጣሚ ይሠራ የነበረው አሠራር ይከዳዋል። መፍትሔው አጭር ነው፤ ፓራቦላው (1፣1) ላይ ሲደርስ መንገዱን ወደ (1፣0) ማውረድና ከዚያም «ሳይክል» በሚለው ቃል መዝጋት። የድንበሩን ጎኖች በሙሉ በተራ መጻፍ፣ የኢንቲግራሉን ወሰኖች በሙሉ እንደ መጻፍ ይቆጠራል።

3. ክልልን በትርጓሜው መግለጽ

ስብስብ ሀ እና ስብስብ ለ በሁለት የተቆራረጡ ክቦች ተወክለው የጋራ ክፍላቸው እንዲቀባ ቢፈለግ፣ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ክቦቹ የሚገናኙባቸውን ነጥቦች በእጅ አስልቶ ቅስቶቹን መግጠም ነው። ሁለተኛው «ክሊፕ» በተባለው ትእዛዝ ሥዕሉን በክብ ሀ ውስጥ ወስኖ ክብ ለን በሙሉ መሙላት ነው። ሁለተኛው ተመራጭ ነው፤ ምክንያቱም ኮዱ ራሱ «ከሀ ውስጥ ለ የሆነው» ተብሎ ይነበባል። ክቦቹ በኋላ ቢንቀሳቀሱም ቀለሙ አብሮ ይንቀሳቀሳል። በእጅ የተሰላው ቅስት ግን በቀድሞው ቦታው ይቀራል። «ክሊፕ» በ«ስኮፕ» ካልታጠረ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ስለሚቆርጥ፣ አጥሩ መዘንጋት የለበትም።

ከሁለቱ በአንዱ ብቻ የሚገኘውን ክፍል ለማቅለም «ኢቭን ኦድ» የተባለው ደንብ ያገለግላል። በዚህ ደንብ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚሄድ ጨረር ድንበሮችን የሚያቋርጥበት ብዛት ጎዶሎ ከሆነ ነጥቡ ይቀባል፤ ሙሉ ቁጥር ከሆነ አይቀባም። ሁለቱ ክቦች በአንድ መንገድ ውስጥ ከተጻፉ፣ የጋራ ክፍላቸው ሁለት ድንበር ስለሚያቋርጥ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ደንቡ ካልታዘዘ ግን ቲክዝ የድንበሮቹን የመዞሪያ አቅጣጫ ቆጥሮ ስለሚሞላ፣ በአንድ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ክቦች የጋራ ክፍላቸውን ጨምሮ በሙሉ ይቀባሉ። ከሀ ውስጥ ለ ያልሆነውን ብቻ ለማግኘትም ሁለቱን ስልቶች ማጣመር ይበቃል፤ ሥዕሉ በሀ ይወሰናል፣ ከዚያም ሁሉንም የሚያካትት አራት ማዕዘንና ክብ ለ በአንድ መንገድ ተጽፈው በ«ኢቭን ኦድ» ይሞላሉ።

4. የመደራረብ ቅደም ተከተል

ብዙ ጸሐፊዎች የጋራ ክፍልን ለማሳየት አሳላፊ ቀለም ይመርጣሉ። ቀይ ክብ በ0.3 የመሸፈን መጠን በነጭ ወረቀት ላይ ሲቀባ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ዋጋዎቹ (1፣ 0.7፣ 0.7) ይሆናሉ። በላዩ ላይ ሰማያዊ ክብ በተመሳሳይ መጠን ሲጨመር የጋራው ክፍል (0.7፣ 0.49፣ 0.79) ይሆናል። ሰማያዊው ቀድሞ ቀዩ ቢከተል ግን ውጤቱ (0.79፣ 0.49፣ 0.7) ነው። የመጀመሪያው ወደ ሰማያዊ፣ ሁለተኛው ወደ ቀይ ያደላል።

የሀ እና የለ የጋራ ክፍል ከለ እና ከሀ የጋራ ክፍል ጋር አንድ መሆኑ የስብስብ ትምህርት ሀሁ ነው። ሥዕሉ ግን በኮዱ ላይ የትኛው ክብ ኋላ እንደ ተጻፈ ያሳብቃል። ይህም በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ያሉ ሁለት ሥዕሎች አንዱን ክልል በሁለት ቀለም እንዲያሳዩ ያደርጋል፤ አንባቢም ልዩነቱ ፍቺ ያለው ሊመስለው ይችላል። ቀለማቱ በማባዛት ስልት እንዲቀላቀሉ ቢታዘዝ፣ (1፣ 0.7፣ 0.7) በ(0.7፣ 0.7፣ 1) ተባዝቶ በየትኛውም ቅደም ተከተል (0.7፣ 0.49፣ 0.7) ይሰጣል። ማባዛት ቦታ መለዋወጥን ስለሚፈቅድ ከስብስቦቹ ባሕርይ ጋር ይስማማል።

5. ቀለሙ ሲጠፋ የሚቀረው

የመመረቂያ ጽሑፎች በስክሪን ላይ በቀለም ተዘጋጅተው በጥቁርና ነጭ ሊታተሙ፣ በፎቶ ኮፒም ሊባዙ ይችላሉ። ኤክስከለር የተባለው ጥቅል ቀለምን ወደ ግራጫ የሚለውጠው በዚህ ቀመር ነው፦ ግራጫ = 0.3 × ቀይ + 0.59 × አረንጓዴ + 0.11 × ሰማያዊ። በዚህ ልኬት 1 ነጭ፣ 0 ጥቁር ነው።

ሠላሳ ከመቶ ቀይ ከነጭ ጋር ሲቀላቀል ግራጫው 0.79 ይሆናል። ኃምሳ ከመቶ አረንጓዴ ከነጭ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ 0.795 ነው። በስክሪን ላይ ፈጽሞ የማይመሳሰሉት ሁለቱ ክልሎች በወረቀት ላይ አንድ ሆኑ ማለት ነው። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚያስቸግረው አንባቢም በቀለሙ ብቻ ከተተማመነ ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚመረጠው ግራጫው፣ ከዚያም ቀለሙ ሊሆን ይገባል። የሚፈለገው ግራጫ ከ1 ተቀንሶ፣ የንጹሑ ቀለም ግራጫም ከ1 ተቀንሶ፣ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል የቅልቅሉ መጠን ይገኛል። 0.85 ግራጫ ከቀይ ለማግኘት 0.15 ለ0.7 ሲካፈል 21 ከመቶ ያህል ይሆናል። 0.65 ግራጫ ከሰማያዊ ለማግኘት 0.35 ለ0.89 ሲካፈል 39 ከመቶ ያህል ነው። ሁለቱ በማባዛት ስልት ሲደራረቡ የጋራ ክፍላቸው ግራጫ 0.55 ገደማ ይሆናል። ሦስቱም ደረጃዎች ቀለም ባይኖርም ተለያይተው ይቆያሉ። ከሦስት በላይ ክልሎች ሲኖሩ ግን በግራጫ ብቻ መለየት ስለሚያዳግት፣ በተለያየ አቅጣጫ የተሰመሩ ሰረዞችን መጨመር ይመረጣል።

6. ማጠቃለያ

ከላይ የታዩት ስሕተቶች የጋራ ባሕርይ አላቸው፤ ሁሉም ያለ ማስጠንቀቂያ ያልፋሉ። ስለዚህ ጸሐፊው ሥዕሉን እንደ አንድ የሒሳብ ማረጋገጫ ሊፈትሸው ይገባል። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ክልል ድንበር በሙሉ ተጽፎ መዘጋቱን ይመልከት። ሁለተኛ፣ በክልሉ ውስጥ እንዳለ የሚያውቀውን አንድ ነጥብና በውጭ እንዳለ የሚያውቀውን ሌላ ነጥብ መርጦ በሥዕሉ ላይ ምልክት በማድረግ ቀለሙ የት እንዳረፈ ያረጋግጥ። ሦስተኛ፣ ቀለሙን አስቀድሞ፣ ዘንጎችን፣ መስመሮችንና ጽሑፎችን አስከትሎ ይሣል፤ አለበለዚያ ቀለሙ ይሸፍናቸዋል። አራተኛ፣ ከማስረከቡ በፊት ገጹን በጥቁርና ነጭ አትሞ ይየው። ከጫፍ እስከ ጫፍ እየደመቀ የሚሄድ ቀለምም የሚለዋወጥ መጠን መኖሩን ስለሚጠቁም፣ እንዲህ ያለ መጠን በሌለበት ክልል ላይ ባይውል ይመረጣል።

በፓራቦላው ምሳሌ ሁለተኛው ፍተሻ ብቻ በቂ በሆነ ነበር። (0.5፣ 0.1) የተባለው ነጥብ ከፓራቦላው በታች ስለሚገኝ ቀለም ሊያርፍበት ይገባ ነበር፤ በተሳሳተው ሥዕል ላይ ግን ነጭ ሆኖ ይታያል።