የፖርቶ ሪኮ ሕዝብ የአደባባይ ሰልፍ

አዲስ ቃላት
ደሴት፦ ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት
ቅኝ ግዛት፦ የባዕድ መንግሥት በኃይል ይዞ የሚገዛው አገር
ጭንብል፦ ፊትን ሸፍኖ ሌላ መልክ የሚሰጥ ነገር

ኒው ዮርክ በሰሜን አሜሪካ የምትገኝ ትልቅ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ በየዓመቱ፣ በእኛ አቆጣጠር የሰኔ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ አንድ ታላቅ ሰልፍ ይደረጋል። የከተማዋ ሰፊ ጎዳና ለመኪና ይዘጋል። ሕዝቡ ግራና ቀኙን ሞልቶ ይቆማል። ከበሮ ይመታል፤ ይዘፈናል፤ ይጨፈራል። ሽማግሌውም ወጣቱም ሕፃኑም ባለ አንድ ኮከብ ባንዲራ ይዞ ይወጣል። ይህ የፖርቶ ሪኮ ሕዝብ ሰልፍ ነው።

ታዲያ የሩቅ አገር ሰው ጭፈራ ለእኛ ምን ይረባናል? ልብ ብለን ካየነው ነገሩ ጭፈራ ብቻ አይደለም። ልብሱም፣ ከበሮውም፣ ባንዲራውም የድካምና የትግል ታሪክ አላቸው። ይህንኑ አንድ በአንድ እንመልከት። ከዚህ በታች የምናነባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ሕዝቡ ከየት መጣ?

ፖርቶ ሪኮ ከአሜሪካ በስተደቡብ፣ በባሕር መካከል ያለች ደሴት ናት። የእስፓኝ ሰዎች በ1508 መስፈር ጀምረው እስከ 1898 ድረስ ገዟት። ሕዝቡ የእስፓኝን ቋንቋ የሚናገረው ስለዚህ ነው። ከአፍሪካም ብዙ ሰዎች በባርነት ተወስደው በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ተገደው ሠርተዋል። ባርነት በሕግ የቀረው በ1873 ነው።

በ1898 አሜሪካ እስፓኝን በጦርነት አሸንፋ ደሴቲቱን ያዘች። ከዚያ ወዲህ ብዙው ለም መሬት በስኳር ኩባንያዎች እጅ ገባ። መሬቱን ያጣ ገበሬ የቀን ሠራተኛ ሆነ። አገዳ ሲቆረጥ ሥራ አለ፤ ቆረጣው ሲያልቅ ሥራም እንጀራም የለም። ያንን ወራት ሕዝቡ «የሞተ ጊዜ» ይለው ነበር። በትምህርት ቤትም ለብዙ ዓመታት ልጆቹ በእንግሊዝኛ እንዲማሩ ተገደዱ። እናታቸው በምትናገረው ቋንቋ አልነበረም የሚማሩት።

በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እንጀራ ፍለጋ ከደሴቲቱ ወጣ። አብዛኛው ኒው ዮርክ ገባ። በልብስ ስፌት ፋብሪካና በሆቴል በአነስተኛ ደመወዝ ሠራ። በጠባብ ቤት ተጨናንቆ ኖረ። በቋንቋውና በመልኩም ተናቀ።

2. ልብሱና ዘፈኑ ምን ይናገራሉ?

በሰልፉ ላይ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች እናያለን። ይህ የተራራው ገበሬ ባርኔጣ ነው። ፀሐይ እንዳይመታው አድርጎት ያርስ ነበር። ዱሮ ከተሜው ይህን ገበሬ እንደ ባላገር ይንቀው ነበር። ዛሬ ግን ባርኔጣው የሕዝቡ ሁሉ መኩሪያ ሆኗል።

ቦምባ የሚባለውን ጭፈራ የጀመሩት በአገዳ እርሻ ላይ በባርነት የነበሩ አፍሪካውያን ናቸው። ከበሮው የእንጨት በርሜል ነው፤ አፉ ላይ የፍየል ቆዳ ይወጠርበታል። አመታቱም ይገርማል። በሌላ ቦታ ጨፋሪው ከበሮውን ይከተላል። በቦምባ ግን ከበሮ መቺው ጨፋሪዋን ይከተላል። ሴትየዋ ሰፊ ቀሚሷን ወዲያና ወዲህ ስታወናጭፍ፣ መቺው ዓይኑን ሳይነቅል ለእያንዳንዷ እንቅስቃሴ በምት ይመልሳል። ቀኑን ሙሉ በሌላ ሰው የሚታዘዝ ሰው፣ በጭፈራው ሰዓት አዛዥ እሱ ነበር።

ሁለተኛው ዘፈን ፕሌና ይባላል። ወንፊት የሚመስል ክብ ከበሮ በእጅ ተይዞ ይመታል። ሕዝቡ ፕሌናን «የሚዘፈን ጋዜጣ» ይለዋል። ለምን ቢባል፣ የሥራ ማቆም አድማ ሲደረግ፣ ጎርፍ ሲመጣ፣ ሹም ሲበድል፣ ወሬው በዘፈን ከመንደር ወደ መንደር ይሄድ ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ሠራተኛም ሰምቶ ይረዳ ነበር። የእኛም አዝማሪ ያየውን የሰማውን በግጥም ይናገር የለም? እንዲያ ነው።

ባለ ብዙ ቀንድ ጭንብል ያጠለቁም አሉ። የተነፋ የከብት ፊኛ ይዘው በበዓል ቀን ሰውን እያስደነገጡ ማጫወት የቆየ ልማዳቸው ነው። ሎይሳ በምትባል ከተማ ጭንብሉን የሚሠሩት ኮኮነት ከሚባል ፍሬ ቅርፊት ነው።

3. ባንዲራው

ባንዲራው የተሠራው በ1895 ነው። የሠሩትም የእስፓኝን አገዛዝ ተቃውመው በኒው ዮርክ በስደት የነበሩ ሰዎች ናቸው። በ1948 ግን በደሴቲቱ የነፃነት ጥያቄን የሚያፍን ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ ባንዲራውን ሰቅሎ የተገኘ ሰው እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችል ነበር። በ1952 ባንዲራው የደሴቲቱ ሕጋዊ ባንዲራ ሆነ። አፋኙ ሕግ የተሻረው ደግሞ በ1957 ነው።

ይህ የኒው ዮርኩ ሰልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው በ1958 ነው። እንግዲህ ነገሩን አስተያዩት። ትናንት የሚያሳስር የነበረውን ጨርቅ ሕዝቡ በትልቁ ከተማ አደባባይ ከፍ አድርጎ ይዞ ወጣ።

ባንዲራውን ዛሬም ነቅቶ ይጠብቀዋል። በ2013 አንድ የቢራ ኩባንያ ባንዲራው ያለበትን የሰልፉን ምልክት በቢራ ቆርቆሮ ላይ አተመ። ሕዝቡ «ባንዲራችን የመጠጥ ማሻሻጫ አይሆንም» ብሎ ተነሣ። ኩባንያውም ይቅርታ ጠይቆ ማተሙን አቆመ።

4. ምን እንማራለን?

ሰልፍ ዳቦ አይሆንም። የአንድ ቀን ጭፈራ የቤት ኪራይን አያቃልልም፤ የተወሰደ መሬትንም አይመልስም። የደሴቲቱ ነዋሪዎች ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው ቢባልም፣ በደሴቲቱ እስካሉ ድረስ የአሜሪካን ፕሬዚዳንት አይመርጡም። ይህ ሁሉ ገና አልተፈታም።

ይሁን እንጂ ማንነቱን የረሳ ሕዝብ መብቱን አይጠይቅም። ተበታትኖ የሚኖር ሠራተኛ በሰልፉ ቀን ብዛቱን በዓይኑ ያያል። ልጁም የአያቱን ከበሮ ይሰማል። «እኔ ብቻዬን አይደለሁም» ይላል። በደል የሚጠየቀውም ከዚያ በኋላ ነው። በዚያች ከተማ የእስፓኝን ቋንቋ የሚናገሩ ሌሎች ሕዝቦችም ይህንኑ ያደርጋሉ። በጥቅምት ወር የብዙ አገሮች ልጆች በየባህል ልብሳቸው በአንድነት ይሰለፋሉ።

ጥያቄዎች

1. የፖርቶ ሪኮ ገበሬ መሬቱን ካጣ በኋላ ምን ሆነ?
2. ፕሌና «የሚዘፈን ጋዜጣ» የተባለው ለምንድን ነው?
3. በቦምባ ጭፈራ ማን ማንን ይከተላል?
4. በእናንተ ቀበሌ በዘፈን ብቻ የሚታወስ፣ ገና በጽሑፍ ያልሰፈረ ታሪክ አለ? ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉት።