የልብ ወለድ ጋላክሲ ካርታ

ጥያቄ፦ በመቀሌ የምኖር ጀማሪ ደራሲ ነኝ። ለሳይንሳዊ ልብ ወለዴ የከዋክብት ካርታ ብሥል፣ በወረቀቱ ላይ ጎረቤታሞች የሆኑት በታሪኩ ውስጥ ተራራቁብኝ፤ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ ወረቀት ርዝመትንና ወርድን እንጂ ከፍታን ስለማያሳይ፣ የእኛ ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ እንኳ ስፋቱ 100,000 የብርሃን ዓመት ገደማ፣ ውፍረቱም በሺህ የሚቈጠር ሆኖ ሳለ፣ ከላይና ከታች የተራራቁ ሁለት ከዋክብት በሥዕሉ ላይ በአንድ ነጥብ ተደራርበው ይታያሉ። ስለዚህ በየኮከቡ አጠገብ ከፍታውን በቍጥር ይጻፉ፤ መንገዱን ግን፣ ወደ አፋር ቈላ ወርደው አሞሌ ጨው በግመል ጭነው ወደ ከተማዎ ሲያመጡ የኖሩት የሲራራ ነጋዴዎች እንደሚቈጥሩት፣ በጉዞ ቀን ይለኩት (ለእኔ እንኳ ከብርሃን ዓመት ይልቅ ይህ ይቀለኛል)። ለባዕድ ዓለም መልክዐ ምድር አምሳል ቢሹ በዚያው በአፋር ያለው ዳሎል ሩቅ አይደለም። የዓለማቱ ምሕዋር ስሌት ሲያስቸግርዎ ደግሞ በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ቢያማክሩ መልካም ነው።